ስኳር ሲወርድ፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኳር ያለበት ሰው ቤት የሚወራው ሁሌም ስለ መውጣት ነው። "ስንት ገባ? ጣፋጭ በላህ እንዴ?" ይባላል። ስለ መውረድ ግን ብዙዎቻችን የምንሰማው አንድ ቀን ከወረደብን በኋላ ነው። የወጣ ስኳር ብዙ ጊዜ በዓመታት ይጎዳል፤ የወረደ ስኳር ጊዜ አይሰጥም። እኔ ኢንሱሊን የምወጋ የአዳማ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከታች ያሉት በክትትል ቀን ወረፋ ላይ፣ በስልክ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ሰው የሚጠይቀኝ ናቸው። መድኃኒት መቀነስና መጨመር ላይ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ በእኔ ወሬ እንዳትቀይሩ።

ስንት ሲሆን ነው "ወረደ" የሚባለው?

ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሲሆን። የስኳር መለኪያ ማሽናችሁ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ከ3.9 በታች። ከ54 (ከ3.0) በታች ከሆነ ቀልድ የለም፣ አንጎል ነዳጁን እያጣ ነው። ማሽኑ ቁጥር መስጠት ትቶ "ሎ" ካላችሁ ከሚለካው በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ይህ ከ20 በታች ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ለወራት 300 ላይ የከረመ ሰው መድኃኒት ሲጀምርና ስኳሩ 120 ሲገባ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ "ወረደብኝ" ይላል። አልወረደም፣ ሰውነቱ ከፍታውን ለምዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ለስላሳ ከመገልበጥ በሰዓቱ ምግብ መብላት ይበቃል፤ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል።

እየወረደብኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ላብ በላብ መሆን፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ልብ ድው ድው ማለት፣ ሆድ መሞርሞር፣ ከንፈር መደንዘዝ። ከዚያ ዓይን ብዥ ይላል፣ ቃል ይጠፋል፣ የሚታወቅ ሰው ስም አልመጣ ይላል።

አዳማ ላይ ላብ ምልክት መሆኑ ያስቸግራል፣ እዚህ ከተማ ማን የማያልበው አለ? ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሙቀት ላብ ጥላ ስትገቡ ይቀንሳል፣ የስኳር ላብ ግን ጥላ ውስጥም ቀዝቃዛ ሆኖ ከአንገትና ከግንባር ይወርዳል።

ሌላው ሰው የማይጠረጥረው ምልክት ጠባይ መቀየር ነው። ረጋ ያለ ሰው ድንገት ነገር ነገር ይለዋል። ከባለ ሱቅ ጋር በሁለት ብር ይጣላል፣ ሚስቱ ስኳር ብትሰጠው "ምንም አልሆንኩም!" ብሎ ይጮህባታል። ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ያለ ምክንያት ሲቆጣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጣቱን ወግታችሁ ስኳሩን ለኩ።

ወዲያው ምን ልውሰድ?

ወደ 15 ግራም የሚሆን በፍጥነት ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር። በእኛ ቤት ዕቃ ሲተረጎም፦ 3 ሞላ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ፣ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር የጠርሙስ ኮካ ወይም ሚሪንዳ ግማሹ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ። ከረሜላ ከሆነ 3 ወይም 4 ፍሬ፣ እየመጠጣችሁ ሳይሆን አድቅቃችሁ። ከዚያ ተቀመጡ። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት።

ከባዱ ነገር መጠበቁ ነው። ስኳር ሲወርድ ያለው ረሃብ የተለመደው ረሃብ አይደለም፣ ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ አግበስብሱ ያሰኛል። ሙሉ ለስላሳ፣ በላዩ ኬክ፣ በላዩ እንጀራ ይገባና ከሁለት ሰዓት በኋላ ማሽኑ 350 ያሳያል፤ ያኔ ተደናግጦ ተጨማሪ ኢንሱሊን የሚወጋ አለ፣ ሌሊቱን ደግሞ ይወርድበታል። ይህ ዙር ሰውን ሳምንቱን ሙሉ ያንገላታል።

ከ70 በላይ ከመጣ በኋላ የሚቀጥለው ምግባችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ ትንሽ ነገር ቅመሱ፤ ቁራሽ ዳቦ፣ ሙዝ፣ እፍኝ ቆሎ። ኢንጀክሽኑ ወይም ክኒኑ ገና እየሠራ ስለሆነ ስኳሩ ብቻውን አያዛልቅም።

ሻይ በስኳርስ? ቸኮሌትስ? ወተትስ?

ሻይ ትኩስ ነው፣ ፉት እያሉ የሚጠጡት ነው፣ እናንተ ደግሞ ፉት ለማለት ጊዜ የላችሁም። ሻይ ቤት ከሆናችሁ የስኳር ዕቃውን ጠይቁና ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥብጡ፣ አስተናጋጁ ቢያፈጥም ያፍጥ። ቸኮሌት፣ አይስክሬም፣ ለውዝ ቅባት ስላለባቸው ስኳሩ ቶሎ አይደርስም። ወተት ከሌላ ነገር ሁሉ ከጠፋ ይሆናል። እንጀራ ዘገምተኛ ነው። ሸንኮራም ወንጂ አጠገባችን ስላለ ይጠየቃል፤ ልጦ፣ ቆርጦ፣ አኝኮ እስኪመጠጥ ድረስ ማን ይጠብቃችኋል! "ዜሮ" ወይም "ዳይት" የተባለ ለስላሳ ምንም ስኳር የለውም፣ ስትቸኩሉ ሰው ያንን እንዳያቀብላችሁ።

ኪስ ውስጥ የሚይዝ ነገር ከጠየቃችሁኝ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ ስኳር አልጋ አጠገብ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ። ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት፣ ጉንዳን ከእናንተ ቀድሞ ያገኘዋል። ስኳር ከሱቅ የሚጠፋበት ወቅትም ስላለ የኪሱን ለቡና አታውጡት።

ማሽን የለኝም፣ ስትሪፑም (ደም የሚነካበት የመለኪያ ወረቀት) ውድ ነው። ሳልለካ ስኳር ብወስድ ችግር አለው?

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነና ምልክቱ ከመጣ ሳትለኩ ውሰዱ። አንድ ጊዜ በስህተት 15 ግራም ስኳር መውሰድ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፣ የወረደን ስኳር ችላ ማለት ግን ይገድላል። ያላችሁ ስትሪፕ ጥቂት ከሆነ ለወሳኝ ሰዓቶች ቆጥቡት፦ ከመተኛት በፊት፣ ከመንዳት በፊት፣ ያልተለመደ ነገር ሲሰማችሁ።

ስትለኩ ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ። ማንጎ ልጣችሁ በዚያው ጣት ብትለኩ ማሽኑ የማንጎውን ስኳር ነው የሚያነበው፤ 60 ሆናችሁ 180 ሊላችሁ ይችላል።

ለምን ወረደብኝ? ምንም የተለየ ነገር አላደረግኩም።

ይህ የሁሉም ጥያቄ ነው፣ የእኔ መልስ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ያለፉትን 24 ሰዓቶች ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስኳር ዝም ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ታከሙ፣ ሲረጋጋ ተቀምጣችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ መድኃኒቱ። ስኳር የሚያወርዱት ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊመፒራይድ ያሉ ክኒኖች ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስድ ሰው ላይ እምብዛም አይከሰትም። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ሲወርድ ተመላልሶ ይወርዳል። "ስኳር ሰጠናቸውና ነቁ" ተብሎ አባባን ቤት ጥሎ መሄድ አይሆንም፣ ሐኪም ቤት ወስዶ ማስተኛት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚያ የምግብ ሰዓት። ዋናው ወጥመድ ድግስ ነው። ሠርግ ተጠርታችሁ "ምሳ 7 ሰዓት ነው" ተብላችሁ ቤት ወግታችሁ ትወጣላችሁ፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ቆይተው 9 ተኩል ይመጣሉ፣ እናንተ ወንበር ላይ ላብ በላብ። በየድግሱ የምለው አንድ ነው፤ ምግቡ በዓይናችሁ ሳይታይ መርፌውን አትንኩ። መርፌው ቦርሳ ውስጥ ይምጣ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ መውጋት ነውር የለውም።

ሦስተኛው ጉልበት። ቅዳሜ ቤት ስታጥቡ፣ ስታጥሩ፣ ገበያ ስትዞሩ ውላችሁ ሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ ጡንቻ ያወጣውን ስኳር ለመተካት እስከ 24 ሰዓት ድረስ ከደም ይስባል።

ሰው የማያስተውላቸው ደግሞ አሉ። ሁሌ አንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እብጠት ያወጣል፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን በአንዴ ይለቀቃል። ነጭ ደመና የሚመስለውን ኢንሱሊን በመዳፋችሁ መሃል ቀስ ብላችሁ ካላንከባለላችሁት ከላይ ውሃው፣ ከታች መድኃኒቱ ይቀራል፤ መጠኑ በየቀኑ ይለያያል። ሲሪንጁም ከኢንሱሊኑ ጋር መግጠም አለበት። ጠርሙሱ ላይ 100 (በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት) ተብሎ ለ40ው በተሠራ ሲሪንጅ ከተቀዳ የሚገባው መጠን 2 እጥፍ ተኩል ነው። ከተለመደው ውጭ የሆነ ሲሪንጅ ከተሰጣችሁ ሳትወጉ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

በአዳማ ሙቀት ፍሪጅ ለሌለው ሰው ምን ይሻላል?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የተከፈተ ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ 30 ዲግሪ በቀላሉ ይታለፋል። መላው ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ቀብሮ፣ ኢንሱሊኑን እዚያ ውስጥ አስቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፣ አሸዋው እንዳይደርቅ በቀን ሁለቴ ውሃ አርከፍክፉበት። ጎረቤት ፍሪጅ የምታስቀምጡ ከሆነ በሩ ላይ እንጂ በረዶው አጠገብ እንዳይሆን አደራ በሉ፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ይህ ከመውረድ ጋር ምን አገናኘው? ሙቀት የመታው ኢንሱሊን ይደክማል። ስኳር ይወጣል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ ይጨመራል። ከዚያ አዲስ ጠርሙስ ይከፈታል፣ ይህኛው ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ በተጨመረው መጠን ስትወጉ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። አዲስ ጠርሙስ በከፈታችሁ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ለኩ።

ሶደሬ መሄድ እችላለሁ?

ለምን አትሄዱም! ግን ፍል ውሃ የደም ሥርን ይከፍታል፣ ቆዳ ሥር ያለው ኢንሱሊን ከተለመደው ቀድሞ ይገባል፣ በዚያ ላይ መዋኘቱ ጉልበት ይጨርሳል። ወግታችሁ ወዲያው አትግቡ። በልታችሁ፣ ለክታችሁ፣ አብሯችሁ ላለው ሰው ነግራችሁ ግቡ። ስኳሩ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ሳይሆን ገንዳው ዳር ይሁን።

ሌሊት ቢወርድብኝስ? ተኝቼ ልቀር?

ይህን ፍርሃት የማያውቅ ኢንሱሊን ወጊ የለም። ማታ የሚወጋው ደመናማው ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ነው። ሌሊት መውረዱን የሚናገሩት አንሶላ በላብ መራስ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው ድካም ናቸው። ከጠረጠራችሁ ሁለት ሦስት ሌሊት ደወል ሞልታችሁ 9 ሰዓት ላይ ለኩና ቁጥሩን ለሐኪም አሳዩ፤ የማታው መጠን የሚስተካከለው በዚያ ነው። ስትተኙ ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ሳትቀምሱ አትተኙ።

ጾም ላይ ምን ላድርግ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ረመዳን ደግሞ ውሃም የለበት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው የጠዋቱን እንደ ወትሮው ወስዶ ከዋለ እየጾመ ሳይሆን ገደል አፋፍ ላይ እየሄደ ነው። መድኃኒቱ ከጾሙ በፊት፣ ቢቻል ከወር በላይ ቀድሞ፣ በሐኪም መስተካከል አለበት። ባለፉት 3 ወራት ስኳር ወርዶበት ራሱን የሳተ፣ ምልክቱ የማይሰማው፣ ኢንሱሊን የምትወስድ ነፍሰ ጡር፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ባይጾም ነው የሚመከረው።

ጾም ላይ ሆናችሁ ከ70 በታች ከገባ ወዲያው ፍቱ። መግሪብ ሊደርስ 10 ደቂቃ ቢቀረውም፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ቢሆንም። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ይናገራሉ። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለታመመ ሰው ቀኖናው መንገድ አለው፣ ከባዱ የሰዉን ዓይን መቻል ነው።

አንድ ሁለት ብጠጣ? ጫትስ?

ጉበት ስኳር ሲያንስ ከጓዳው እያወጣ ይሰጣል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበቱ በእሱ ይጠመዳል፣ ጓዳው ይዘጋል። ስለዚህ ማታ የተጠጣ አረቄ ወይም ድራፍት በማግስቱ ጠዋት ድረስ ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ከዚህ የከፋው፣ ስኳሩ የወረደና የሰከረ ሰው አንድ ናቸው፤ ይንገዳገዳል፣ ይንተባተባል። "ተዉት ይተኛ፣ ይለቀዋል" ይባላል። የአልኮል ሽታ ቢኖርም ለኩት። ከጠጣችሁ ከምግብ ጋር፣ ጥቂት፣ የሚያውቃችሁ ሰው ባለበት።

ጫት ደግሞ ረሃብን ያጠፋል። ምሳ ይዘለላል፣ ኢንሱሊኑ ግን አይዘለልም።

ሹፌር ነኝ።

ሳትለኩ ሞተር አታስነሱ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቅመሱ። መንገድ ላይ ምልክቱ ከመጣ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ስኳር ውሰዱ። ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ አንጎል ለመስተካከል ስለሚዘገይ እንግሊዝ አገር 45 ደቂቃ ሳይሞላ መንዳት አይፈቀድም፤ እኛም ብንይዘው ጥሩ ነው። ወደ ጅቡቲ የምትጭኑ ደግሞ ስኳሩ ረዳቱ ጋ ወይም ኋላ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ባጃጅም ያው ነው።

ድሮ ያልበኝ ነበር፣ አሁን 45 ገብቶም ምንም አይሰማኝም።

ይህን ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ። ስኳር በተደጋጋሚ ሲወርድ ሰውነት ማስጠንቀቁን ይተዋል። ደስ የሚለው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል ምንም እንዳይወርድ ከተደረገ ምልክቱ ለብዙ ሰው ይመለሳል፤ ለጊዜው ከፍ ያለ ቁጥር ላይ መቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃሉ። ላቡን ግን አይደብቁም፣ እሱን ተከታተሉ።

ራሱን ቢስትስ?

አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ስኳር ውሃም፣ ማርም፣ ጠበልም። መዋጥ የማይችል ሰው ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባበት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ሽንኩርት፣ ቁልፍ ማስጨበጥ ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አይሠራም። በጎኑ አስተኙት፣ አንቀጥቅጦት ከሆነ አትጫኑት፣ ባገኛችሁት ባጃጅም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሩጡ። በሩ ላይ የምትናገሩት የመጀመሪያ ቃል "ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል" ይሁን። በደም ሥር 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል።

ለዚህ ነው ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ይኑር የምለው። በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ስኳር እንዳለባችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የሚደወልለት ሰው።

ልጄ ትምህርት ቤት ናት። ምን ልንገራቸው?

ለክፍል መምህሯና ለስፖርት መምህሩ ንገሩ፣ ስኳሩንም እጃቸው ላይ ስጡ። ስኳሯ ሲወርድ ብቻዋን ወደ ቢሮ እንዳይልኳት፣ እዚያው ተቀምጣ ትውሰድ። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋም ትወቅ፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ስኳር በሽታ የለብኝም፣ ግን ይወርድብኛል።

አብዛኛው ጊዜ ረሃብ፣ የደም ግፊት ማነስ፣ ጭንቀት ወይም ጨጓራ ነው። ግን እውነት የሚወርድባቸው አሉ። ጣፋጭ ወይም ብዙ ዳቦ ከበሉ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በኋላ የሚወርድባቸው አሉ፤ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ላይም ይታያል። ባዶ ሆድ ላይ፣ በተለይ ጠዋት፣ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ግን መመርመር አለበት። የጉበት፣ የሆርሞን፣ አልፎ አልፎም ጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት ላይ የሚወጣ ኢንሱሊን አመንጪ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምልክቱ ሲኖር የተለካ ቁጥር፣ ቁጥሩ በትክክል ዝቅ ያለ መሆኑ፣ ስኳር ስትወስዱ ምልክቱ መጥፋቱ። ስለዚህ ነገ ደህና ሆናችሁ ከመሄድ፣ ሲያልባችሁ በዚያው ሰዓት የቅርቡ ክሊኒክ ገብታችሁ አስለኩና ውጤቱን በወረቀት ተቀበሉ።